እፍ ያልንባቸው ካሴቶች

የቪዲዮ ጌሙ ካሴት አልነሳ ሲል መድኃኒቱ አንድ ነበር፤ ነቅሎ ማውጣት፣ ጥርሱ ላይ እፍ ማለት፣ መልሶ መክተት። ማንም አላስተማረንም። ቶኪዮና ቺካጎ ያሉ ልጆችም ልክ እንደኛ እፍ ይሉ እንደነበር ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። የማሽኑ ሠሪ ኔንቲዶ ግን እፍ አትበሉ ብሎ ያስጠነቅቅ ነበር፤ ትንፋሽ እርጥበት ስላለው ብረቱን ይጎዳዋልና። የሚሠራውም እፍታው አልነበረም። ካሴቱ ተነቅሎ ሲመለስ ጥርሱ እንደ አዲስ ስለሚገጥም ነበር ጌሙ የሚነሳው።

ሰሞኑን እነዚያን ጌሞች መልሼ እየተጫወትኩ ነው። ናፍቆት አለበት፤ አልክድም። ደጋግሞ ያስገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በልጅነቴ እንደ ዝናብና ፀሐይ ሳልጠይቅ የተቀበልኳቸው ነገሮች፣ የማሪዮ ጢምም ሆነ የባዕዳን ፍጡራን ጥድፊያ፣ አንድ ሰው ከአንድ አቅመ ደካማ ማሽን ጋር ሲታገል የተወለዱ ናቸው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻውን በአጭሩ ልለፈው። በ1962 ኤም አይ ቲ በሚባለው የአሜሪካ ተቋም ስቲቭ ራስልና ጓደኞቹ ሁለት መንኮራኩሮች የሚታኮሱበትን ስፔስዋርን ሠሩ። የተሠራበት ፒዲፒ-1 ኮምፒውተር ዋጋው ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ስለነበር ጨዋታው ከቤተ ሙከራ ብዙም አልራቀም። ቪዲዮ ጌምን ወደ ሕዝብ ያወጣው ከ10 ዓመት በኋላ የመጣው የአታሪ ፖንግ ነው። ኢንጂነሩ አለን አልኮርን የሠራው የመጀመሪያው ማሽን ካሊፎርኒያ፣ ሰኒቬል ከተማ አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ተተከለ፤ ብዙም ሳይቆይ ተበላሽቷል ተብሎ ተጠራ። ሄዶ ሲከፍተው የሳንቲም መቀበያው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ አገኘው።

በ1978 የታይቶ ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ጃፓናዊው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ስፔስ ኢንቬደርስን ሲሠራ 55 ባዕዳን ፍጡራንን በአምስት ረድፍ አሰለፈ። ማሽኑ ይህን ሁሉ ለመሳል አቅም አነሰው። ብዙ ሆነው ሳሉ ይንፏቀቃሉ፤ በተመቱ ቁጥር ግን የማሽኑ ሸክም ስለሚቀል የቀሩት ይፈጥናሉ። ኒሺካዶ ይህን እንደ ስህተት ቆጥሮ ሊያርመው ይችል ነበር። አላረመውም። አንድ ብቻ የቀረው ባዕድ ከዳር ዳር እንደ እብድ የሚሮጠው፣ ልባችንም አብሮት የሚሮጠው ለዚህ ነው። ጌም እየቆየ ይከብዳል የሚለው ልማድ አንዱ ምንጭ የዚህ ማሽን ድካም ነው። ያንን የተወ እጅ የታላቅ ሠሪ እጅ ነው ባይ ነኝ።

ድካሙ መጨረሻ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። በ1980 የናምኮው ቶሩ ኢዋታኒ የሠራው ፓክማን ማብቂያ እንዲኖረው አልታሰበም ነበር። ስቴጁን የሚቆጥረው ግን አንድ ባይት ነው፤ አንድ ባይት ደግሞ ከ255 በላይ መቁጠር አይችልም። 256ኛው ስቴጅ ላይ የደረሰ ሰው የስክሪኑ ቀኝ ግማሽ በፊደልና በቁጥር ፍርስራሽ ተሞልቶ ያገኘዋል። ከዚያ ወዲያ መንገድ የለም።

የማሪዮ ጢም ታሪክም እዚሁ ሰፈር ነው። በ1981 የኔንቲዶው ሽጌሩ ሚያሞቶ ዶንኪ ኮንግ ለሚባል ጌም አንድ ሰው መሣል ነበረበት፤ የተሰጠው የስክሪን ነጥብ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። አፍ ለመሣል ቦታ አልበቃውም፤ ከአፍንጫው ሥር ጢም አደረገለት። ፀጉር አስቸገረው፤ ኮፍያ ደፋለት። ከአራት ዓመት በኋላ ይኸው ሰውዬ በሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ብቅ ሲል ዓለሙ በሙሉ የታሸገው በ40 ኪሎባይት ነበር። ዛሬ በስልካችን የምናነሳው አንድ ፎቶ ያንን በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጠዋል። ሰማይ ላይ ያለውን ደመናና መሬት ላይ ያለውን ቁጥቋጦ አስተያዩአቸው፤ አንድ ሥዕል ናቸው፤ የተለየው ቀለማቸው ብቻ ነው። ይህን ያህል ዓመት ተጫውቼው አንድም ቀን አላየሁትም ነበር።

ከሁሉ የሚልቅብኝ ግን የመጀመሪያው ስቴጅ ነው። እንግሊዝኛ የማናነብ ልጆች ነበርን፤ መመሪያ የሚባል ነገርም ካሴቱን ተከትሎ አልመጣም። ታዲያ ማን አስተማረን? ማሪዮ ከስክሪኑ ግራ ይቆማል፤ ቀኙ ባዶ ስለሆነ እግራችን ወደዚያ ይሄዳል። እንጉዳይ መሰሉ ጠላት ፊት ለፊት ይመጣል፤ ስንነካው እንሞታለን፤ በሁለተኛው ዙር እንዘላለን። የጥያቄ ምልክት ያለበትን ጡብ በራሳችን ስንመታው የሚያሳድገው እንጉዳይ ይወጣል፤ ቱቦው ጋር ሄዶ ይጋጭና ወደኛ ይመለሳል፤ እንሽሸው ብንል እንኳ ማምለጡ ያስቸግራል። ነክተነው እናድጋለን። እነሆ፣ ያለ አንድ ቃል ሕጉን ሁሉ አወቅን። ብዙ የማስተማሪያ መጻሕፍት አንብቤአለሁ፤ ይህን ያህል የተማሪውን አእምሮ ያከበረ ትምህርት ግን ብዙም አላጋጠመኝም።

ሱፐር ማሪዮ ከመምጣቱ በፊት የአሜሪካ የጌም ገበያ በ1983 ወድቆ ነበር። በአምስት ሳምንት ገደማ ጥድፊያ የተሠራው የኢ.ቲ. ጌም የዚያ ውድቀት ምልክት ሆኖ ቀርቷል። አታሪ ያልተሸጡ ካሴቶቹን በኒው ሜክሲኮ፣ አላሞጎርዶ ከተማ ቆሻሻ መጣያ ቀበራቸው፤ በ2014 ተቆፍረው ከ1,000 በላይ ካሴቶች ወጡ።

በብረት መጋረጃው ማዶ ደግሞ አሌክሲ ፓጂትኖቭ የተባለ የሞስኮ ባለሙያ በሶቭየት ሳይንስ አካዳሚ የኮምፒውተር ማዕከል ተቀምጦ በ1984 ቴትሪስን እየፈጠረ ነበር። ኤሌክትሮኒካ 60 የተባለው ማሽኑ ሥዕል መሣል አይችልም፤ ጡቦቹን በቅንፍ ምልክት ሠራቸው። ቫዲም ጌራሲሞቭ የሚባል ታዳጊ ወደ ሌላ ኮምፒውተር እንዲሻገር ረዳ፤ ከዚያ በኋላ ጌሙ ከዲስክ ወደ ዲስክ እየተቀዳ ሄደ። ሻጭም ማስታወቂያም አልነበረውም። ፓጂትኖቭ ከፈጠራው ገቢ ማግኘት የጀመረው በ1996 ነው። እኛ ጋ ቴትሪስ የደረሰው በግራጫዋ የእጅ ማሽን ነበር፤ ሽፋኗ ላይ 9999 ጌሞች አሉኝ የምትል፣ ውስጧ ያለው ግን የጥቂት ጌሞች መገለባበጥ የሆነ። ባትሪዋ ሲደክም ድምፅዋም አብሮ ይደክም ነበር።

አሁን ከሁሉ ወደምወደው ልምጣ። ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያን መጀመሪያ ያየሁት አንድ ቢሮ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ሠራተኞቹ ምሳ ሲወጡ። ሌሎቹ ጌሞች ውስጥ ያሉት ይንቀሳቀሳሉ፤ ይኼኛው ግን ሰው ነበር። ሲሮጥ ወዲያው አይቆምም፤ ገደል አፋፍ ላይ በጣቶቹ ተንጠልጥሎ ክብደቱ ይታወቃል። ምክንያቱን ያወቅኩት ብዙ ዘግይቼ ነው። ሠሪው ጆርዳን ሜክነር በ1985 ታናሽ ወንድሙን ዴቪድን ነጭ ልብስ አልብሶ፣ መኪና ማቆሚያ ቦታ ላይ እያስሮጠና እያስዘለለ በቪዲዮ ቀረጸው፤ ከዚያ እያንዳንዱን ምስል እየተከተለ አፕል 2 በተባለው ኮምፒውተር ላይ ሣለው። ሙዚቃውን የደረሱት አባታቸው ፍራንሲስ ናቸው። ቤተሰብ ሙሉ ያለበት ሥራ ነው።

ጌሙ እየተጠናቀቀ ሲሄድ ሜክነር የጌሙን ጀግና፣ ልዑሉን፣ የሚገዳደር ባላንጣ ፈለገ፤ አዲስ ሰው ለመሣል ግን የማሽኑ ማኅደረ ትውስታ ሞልቷል። መፍትሔው የልዑሉን የራሱን ምስል ገልብጦ እንደ ጥላ ማሳየት ሆነ። ልዑሉ መስተዋት ጥሶ ሲዘል ጥላው በሌላው ወገን ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ መንገዱን እየቀደመ ያሰናክለዋል። በመጨረሻ ሲገናኙ ጥላውን የወጋ ራሱን ይወጋል፤ ማሸነፊያው ሰይፍን ወደ አፎት መመለስ ነው። የቦታ እጥረት እንዲህ ያለ ታሪክ ይወልዳል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ያኔ እኔና ጓደኞቼ ይህን እስክናገኝ ድረስ ስንት የምሳ ሰዓት አለፈ።

ጌሙ በ1989 ወጣ። የመጀመሪያው ኮድ ግን ጠፍቶ ነበር፤ ሜክነር ለዓመታት ፈልጎ አጣው። በ2012 አባትየው ከቤታቸው ቁም ሣጥን ውስጥ የቆዩ ፍሎፒ ዲስኮች አገኙ። ከ20 ዓመት በላይ የተቀመጠ ፍሎፒ ማግኔቱ ሊከዳ ይችላል፤ ስለዚህ የድሮ ዲስክ የሚያውቁ ባለሙያዎች ተጠርተው በጥንቃቄ አነበቡት። ኮዱ ተረፈ፤ ሜክነርም ማንም እንዲያየው በይፋ ለቀቀው። በዓለም ዙሪያ የተወደደ ሥራ ከመጥፋት ያመለጠው አንድ አባት ቁም ሣጥናቸውን ስላጸዱ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እደነግጣለሁ።

አንዳንዱ ደግሞ ኮዱ ተርፎም አይመለስም። ዳክ ሀንትን የተጫወተ ሰው ዳክዬዎቹን የሚመታበትን ሽጉጥ ያስታውሳል። ምላጩ ሲሳብ ስክሪኑ ለቅጽበት ይጨልማል፤ ዳክዬው ባለበት ቦታ ነጭ አራት ማዕዘን ብልጭ ይላል፤ በሽጉጡ አፍ ውስጥ ያለችው ዓይን ያንን ብርሃን ካየች መታ ማለት ነው። ይህ የሚሠራው ምስሉን ወዲያው በሚያወጣው በድሮው፣ ጀርባው ባበጠ ቴሌቪዥን ብቻ ነው። የዛሬው ስስ ስክሪን በጥቂት የሴኮንድ ክፋዮች ስለሚዘገይ ሽጉጡ ምንም አያይም። ኔንቲዶ በ2016 የድሮውን ማሽን አሳንሶ 30 ጌም ጭኖ ሲሸጥ ዳክ ሀንት ከ30ዎቹ መካከል አልነበረም።

ፕሌይስቴሽን በ1994 መጨረሻ ጃፓን ላይ ሲወጣ በካሴት ፈንታ ሲዲ ይዞ ነበር። ሲዲ ይቀዳል፤ ስለተቀዳም እኛ ሰፈር ደረሰ። ኦሪጅናል ሲዲ በልጅነቴ አይቼ አላውቅም። በ2000 የመጣው ፕሌይስቴሽን 2 ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሸጦ ከኮንሶሎች ሁሉ አንደኛ ሆኗል፤ በአንድ ጌም ቤት ውስጥ አንዱን ማሽን ስንት ልጅ እንደተጫወተበት ግን የትኛውም ሽያጭ አይቆጥረውም። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ደጁ ላይ መጋረጃ፣ አግዳሚ ወንበር፣ ሕጉም አንድ፦ ተሸናፊ ይነሳል። የኮናሚ ዊኒንግ ኢለቨን ጃፓንኛ ነበር፤ አንድም ፊደል ሳናውቅ ከላይ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው እያልን ቡድን እንመርጥ ነበር። ካስቶሎና ሚናንዳ በእውን የሌሉ፣ ለጌሙ የተፈጠሩ ተጫዋቾች ናቸው፤ ለኛ ግን ከብዙ እውነተኛ ተጫዋቾች ይበልጥ የቀረቡ ነበሩ።

ከቆዩት ጌሞች አብዛኞቹ ዛሬ በሕጋዊ መንገድ ቢፈለጉ አይገኙም። ቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት ከ2010 በፊት አሜሪካ ውስጥ ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው ገበያ ላይ የሉም። በዚያው ዓመት ኔንቲዶ የሁለት ማሽኖቹን የኢንተርኔት ሱቆች ዘጋ፤ ፊፋ የሚለው ስም ከኳስ ጌሙ ሲነሳም የቆዩት እትሞች ከዲጂታል መደብሮች ወረዱ። ቤተ መጻሕፍት እነዚህን ጌሞች ለተመራማሪዎች ከርቀት እንዲያውሱ የቀረበውን ጥያቄ የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ በ2024 አልተቀበለውም። ይህ ውሳኔ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። በ1997 ጣሊያናዊው ኒኮላ ሳልሞሪያ የጀመረው ማሜ የተባለ፣ የድሮ ማሽኖችን በኮምፒውተር የሚያስመስል ኢሙሌተር ባይኖር ስንቱ የመጫወቻ ቤት ጌም ከብረቱ ጋር በተቀበረ! ሠሪዎች መብት አላቸው፤ የልፋታቸውን ዋጋም ማግኘት አለባቸው። ማንም የማይሸጠውን፣ ማንም የማያስቀምጠውን ነገር መቅዳት ግን ማዳን ነው። ቴትሪስን ከሞስኮ ያወጣውም፣ ዊኒንግ ኢለቨንን እኛ ሰፈር ያደረሰውም መቅዳት ነው።

የቆየ ጌም አልቆለታል የሚል ካለ፣ በዲሴምበር 2023 የሆነውን ልንገረው። የኦክላሆማ ልጅ የሆነ የ13 ዓመት ታዳጊ በ1989 ለኔንቲዶ የወጣውን ቴትሪስ በአሮጌ ቴሌቪዥን ተጫወተ። 29ኛው ደረጃ የሰው ልጅ ወሰን ነው ተብሎ ለብዙ ዓመታት ይታመን ነበር፤ ጡቦቹ እዚያ ሲደርሱ ጣት ሊከተላቸው አይችልም ይባል ነበር። ልጁ ግን 157ኛው ደረጃ ደረሰ፤ ኮዱም መሸከም አቅቶት ስክሪኑ ደረቀ። ጌሙን እስኪንበረከክ የተጫወተ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሲወለድ ጌሙ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

ባለፈው ገና የልጅነት ጓደኛዬ ከዋሽንግተን መጥቶ ነበር። ከመርካቶ ያገኘሁትን አሮጌ ፕሌይስቴሽን 2 ከድሮ ቴሌቪዥን ጋር አገናኘሁለት። ቁልፎቹን ያስታውስ እንደሆነ ጠየቅኩት፤ አላስታውስም አለ። ጆይስቲኩን ሲይዝ ግን አውራ ጣቱ አስታወሰ። ሁለት ለአንድ አሸነፈኝ፤ እንደ ድሮው ሳላስበው ጆይስቲኩን አስቀምጬ ተነሳሁ። ዞር ስል አግዳሚው ባዶ ነው፤ ተራ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። ጓደኛዬ ሳቀና፣ "ተቀመጥ፣ አንተው ነህ ቀጣዩ" አለኝ።