ራያ ቆላና የሁለት አገሮች ሐዲድ

ከወልድያ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው የራያ ቆላ፣ የዞብልና የላስታ ተራሮች ከምሥራቅና ከምዕራብ ያቀፉት የማሽላና የጤፍ ምድር ነው። ቆቦን አቋርጦ ወደ አላማጣ የሚያልፈውን አውራ ጎዳና በወረራው ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ያነጠፈው ጣሊያን ሲሆን፣ ዓላማውም በቅድሚያ ጦሩን ማመላለስ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ግን በዚሁ ምድር ላይ በውልና በብድር የሚሠራ የምድር ባቡር ታቀደ።

በዚያው ዓመት ሰኔ ወር የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ሁለት ውሎች ተዋዋለ። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰውን 390 ኪሎ ሜትር ያህል መሥመር የቱርኩ ያፒ መርከዚ በ1.7 ቢሊዮን ዶላር ተረከበ። ከዚያ ራያን አቋርጦ መቀሌ የሚገባውን ደግሞ የቻይና ኮሙኒኬሽንስ ኮንስትራክሽን ኩባንያ በ1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ያዘ። ቱርክ በአዲስ አበባ ኤምባሲ የከፈተችው በ1918፣ ቻይና ከኢትዮጵያ ጋር ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት የመሠረተችው በ1963 ዓ.ም. ነው። ከእስያ ምዕራብና ምሥራቅ የመጡት ሁለቱ ኃያላን አገሮች በአንድ ሐዲድ ላይ ሊገናኙ የታቀደው በዚህ ስፍራ ነበር።

ይሁን እንጂ ሁለቱ ውሎች እያንዳንዱን ተቋራጭ ከኢትዮጵያ ጋር እንጂ እርስ በርስ አላስተሳሰሩም። ገንዘቡም ከአንድ ምንጭ አልነበረም። ለአዋሹ መሥመር የቱርክ ኤክዚም ባንክና በክሬዲት ስዊስ የተመራ የባንኮች ስብስብ ሲያበድሩ፣ ለመቀሌው ከቻይና በኩል ብድር ይጠበቅ ነበር። የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር መሆኑ ብቻ መሥመሩን አንድ አያደርገውም፤ የኤሌክትሪክ ኃይሉ፣ የምልክት ሥርዓቱና የጊዜ ሰሌዳው መጣጣም አለባቸው። ያን የማጣጣም ኃላፊነት የባለቤቱ ነው።

የመሬቱም ጠባይ እንዲሁ ባለቤት ይሻል። የራያ ገበሬ ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሽላውን ያጠጣል። የባቡር ሙሌት በሜዳው ላይ ሲዘረጋ፣ የውሃ ማሳለፊያው የሚቀመጥበት ቦታ ማን ውሃ እንደሚያገኝ፣ ማንስ እንደሚያጣ ይወስናል። ይህን አንካራም ሆነ ቤጂንግ ሊያውቁት አይችሉም።

በ2007 ዓ.ም. የተጀመረው ግንባታ ሳይጠናቀቅ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ፤ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ውጊያው ቆቦ ደረሰ። ተቋራጮች ወጡ፤ የብድሩ ዕዳ ግን ከአገሩ ጋር ቀረ። ከዚህ ታሪክ የሚቀሰመው ትምህርት ግልጽ ነው፦ የውጭ ሽርክና የመሥመር ክፍሎችን ይሠራል፤ ክፍሎቹን አጋጥሞ መንገድ ማድረግ ግን የአገሩ መሐንዲሶች ሥራ ነው።