በሌሊት በብርሃን መሣል

በብርሃን መሣል የካሜራውን መዝጊያ ለብዙ ሰከንዶች ወይም ለደቂቃዎች ክፍት በመተው፣ በዚያው ጊዜ ውስጥ በሚንቀሳቀስ መብራት ምስል የመሥራት ጥበብ ነው። መብራቱ ወደ ካሜራው ሲዞር መሥመር ያሠምራል፤ ወደ ድንጋይ ወይም ወደ ዛፍ ሲዞር ነገሩን ከጨለማ ያወጣዋል። ከቤት ውጭ ሲሠራ ሁለት ሰው ቢሆን ይመረጣል፦ አንዱ ካሜራውን ጠብቆ ሰከንድ ይቆጥራል፣ ሌላው ጥቁር ለብሶ ባትሪ ይዞ ይዘዋወራል። ባትሪ ያዡ አንድ ቦታ ካልቆመና ብርሃኑ በራሱ ላይ ካላረፈ ፎቶው ላይ አይታይም።

ጅማሬው ከውበት ጋር ጉዳይ አልነበረውም። በ1889 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፈረንሳዊው ጆርጅ ደመኒ ከኤትየን ዡል ማሬ ጋር የሰውን አካሄድ ሲያጠና፣ ከተራማጁ መገጣጠሚያዎች ላይ ትንንሽ አምፖሎች አሠረ። በ1910ዎቹ አሜሪካውያኑ ፍራንክና ሊሊያን ጊልብሬዝ የሠራተኛን የእጅ እንቅስቃሴ በዚሁ ዘዴ መዘገቡ፤ የፈለጉት የባከነ እንቅስቃሴን መቀነስ ነበር። ዘዴውን ወደ ሥነ ጥበብ ያመጣው በ1935 አሜሪካዊው አርቲስት ማን ሬይ ነው። የጥበቡን ስም ያገነነው ግን አልባኒያ የተወለደው ፎቶ አንሺ ጆን ሚሊ በ1949 ሠዓሊው ፒካሶ ዘንድ መሄዱ ነው። ሚሊ ጫማቸው ላይ መብራት የታሠረላቸውን የበረዶ ላይ ተንሸራታቾች ፎቶ ቢያሳየው፣ ፒካሶ ጨለማ ክፍል ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ መብራት ይዞ በአየር ላይ መሣል ጀመረ። ሥዕሎቹ ከፊልሙ በቀር የትም የሉም፤ ዓለም ግን እስከ ዛሬ የፒካሶ ናቸው ይላል። መዝጊያውን ለከፈተው ሰው ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ካሜራ ወደ ኢትዮጵያ ቀደም ብሎ ገብቷል፦ በ1868 በመቅደላው ዘመቻ የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች ይዘውት ነበር፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያም አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆኗል። በእሳት ሌሊትን ማስዋብ ደግሞ ከካሜራም የቀደመ ልማድ ነው። በቡሄ፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማና በመስቀል ሰሞን ችቦ ይቀጣጠላል፤ ልጅ ችቦውን በፍጥነት ሲያዞረው ዓይን የእሳት ቀለበት ያያል። ካሜራም የሚይዘው ይህንኑ ነው። ባትሪ ቀጭን ነጭ መሥመር ሲያወጣ፣ ችቦ ሰፊና ቀላ ያለ ዱካ ይተዋል፤ ፍንጣሪው ዳርዳሩን ነጠብጣብ ይሠራል። ከሁለቱ የችቦው ምስል ይበልጣል።

የችቦው ወራት ጢስ ዓባይ የሚሞላበትም ነው። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ፏፏቴ ከፍታው እስከ 45 ሜትር፣ ስፋቱ በሙላት ጊዜ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። ይህን ያህል ስፋት በእጅ ባትሪ ማብራት አይቻልም። ስለዚህ የሚያዋጣው ለፏፏቴው የጨረቃ ብርሃን ትቶ፣ በባትሪው ቅርቡን አለትና ሣር፣ ወይም ከፏፏቴው በታች ያለውን በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ማብራት ነው። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ የድልድዩ ድንጋይ አንድ በአንድ ይለያል፤ ከካሜራው አጠገብ ሲበራ ግን ግድግዳው ልሙጥ ይሆናል። መዝጊያው ለ30 ሰከንድ ከተከፈተ ውሃው ጠብታነቱ ጠፍቶ እንደ ነጠላ ይነጠፋል። የክረምቱ ችግር ደመናና ርጭት ነው፤ ሌንሱ በየጥቂት ደቂቃው ካልተጠረገ እያንዳንዱ ጠብታ በፎቶው ላይ የብርሃን ክብ ይሆናል።

ውሃው ራሱ ግን እንደ ድሮው አይደለም። በ1964 የተመረቀው 11.4 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ኃይል ጣቢያ ከፏፏቴው በላይ ውሃ ይጠልፍ ጀመር፤ በ1996 ዓባይ ከጣና ሐይቅ በሚወጣበት ቦታ ላይ የጨረጨራ ግድብ ተሠራ፤ በ2001 ሁለተኛው ጣቢያ 73 ሜጋ ዋት ይዞ ተጨመረ። በ2010 ሥራ የጀመረው የጣና በለስ ጣቢያ ደግሞ ውሃውን ከሐይቁ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ስለሚወስደው፣ ያ ውሃ ፏፏቴው ጋ ከነጭራሹ አይደርስም። የአንድ ብር ኖት ላይ የታተመው ሙሉ ፏፏቴ በበጋ አይገኝም፤ በዚያ ወቅት የሚታየው በባዶው አለት ላይ የሚወርድ ቀጭን ውሃ ነው።