የቄስ ጉዲና ቱምሳ ግድያ መታሰቢያዎች

የቄስ ጉዲና ቱምሳ ግድያ መታሰቢያዎች በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በደርግ ዘመን ታፍነው የተገደሉትን የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የሚመለከቱ አጽም፣ ጽሑፎች፣ ፎቶግራፎችና የምስክርነት ቃሎች ናቸው። ግድያው ለዓመታት ተደብቆ ስለቆየ፣ እነዚህን ማሰባሰብ የመታሰቢያ ሥራ ብቻ ሳይሆን እውነቱን የማረጋገጥ ሥራም ሆኗል።

ሕይወታቸው

ጉዲና ቱምሳ ሚያዝያ 27 ቀን 1921 ዓ.ም. በወለጋ፣ ቦጂ ተወለዱ። በወጣትነታቸው በነቀምቴ ሆስፒታል የሕክምና ረዳት ሆነው ሠርተዋል። በኋላም ቅስና ተቀብለው አገለገሉ፤ በአሜሪካ ሚኒሶታ ሥነ መለኮት ተምረው ከተመለሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1966 የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ታናሽ ወንድማቸው ባሮ ቱምሳ የኦሮሞ ነጻነት ግንባር መሥራች ከነበሩት አንዱ ነበር።

ግድያው

ቄስ ጉዲና ከደርግ ጋር ባለመስማማታቸው ሁለት ጊዜ ታስረው ተፈተዋል። የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ባሉበት ጥረት ከአገር የመውጣት ዕድል ቢቀርብላቸውም ምዕመናኑን ትቼ አልሄድም በማለት አልተቀበሉም። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 28 ቀን 1979) አዲስ አበባ ውስጥ ከዑራኤል መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ታፈኑ። እርሳቸው በዚያው ሌሊት ተገደሉ። ቤተሰቡ ግን የት እንደደረሱ አልተነገረውም፤ ለአሥራ ሦስት ዓመት ያህልም መቃብር አልነበራቸውም።

አጽሙ

ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. አጽማቸው በራስ አሥራተ ካሣ ግቢ ተገኝቶ ወጣ፤ በዚያው ዓመትም በክብር ተቀበረ። የዐፄ ኃይለ ሥላሴ አጽም በቤተ መንግሥት የተገኘውም በዚሁ ዓመት ነበር። በዚያን ጊዜ አጽም የቤተሰብ ሐዘን ማሳረፊያ ብቻ አልነበረም፤ ግድያ ለመፈጸሙ የመጀመሪያው የሚጨበጥ ማስረጃም ነበር። በኋላ ልዩ ዐቃቤ ሕግ በሌሎች የጅምላ መቃብሮች ላይ ባካሄደው ምርመራ የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ባለሙያዎች ተሳትፈዋል።

ጽሑፎቹ

ከቄስ ጉዲና ንብረት ይልቅ ይበልጥ የተፈለጉት ጽሑፎቻቸው ናቸው። ከእነዚህም መካከል ሁለቱ በተለይ ይታወቃሉ፦

- ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1964 ዓ.ም. ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የላከችው ደብዳቤ። ወንጌልን መስበክና የሰውን ኑሮ ማሻሻል ተነጣጥለው መታየት እንደሌለባቸው ይከራከራል፤ በዝግጅቱም ዋነኛ ተሳታፊ ነበሩ።
- ከመገደላቸው ጥቂት ቀደም ብሎ የጻፉት፣ ክርስቲያን በሚኖርበት ኅብረተሰብ ውስጥ ስላለው ድርሻ የሚያትተው ጽሑፍ።

በ1992 እ.ኤ.አ. በስማቸው የተቋቋመው ጉዲና ቱምሳ ፋውንዴሽን ዋና ዋና ጽሑፎቻቸውን ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2003 በእንግሊዝኛ አሳትሟል። በዚህም ምክንያት በብዙ አገር ያሉ የሥነ መለኮት ተማሪዎች «የኢትዮጵያው ቦንሆፈር» ብለው የሚጠሯቸውን ሰው በራሳቸው ቃል ለማንበብ ችለዋል።

የቃል ምስክርነት

ወይዘሮ ፀሐይ ከአፈናው በኋላ ቢለቀቁም በ1972 ዓ.ም. እንደገና ተይዘው አሥር ዓመት ገደማ በእስር አሳልፈዋል፤ ተሰቃይተዋልም። ከተፈቱ በኋላ የሰጡት ምስክርነት በመጽሐፍ ታትሟል። ኖርዌጂያዊው ኦይቪንድ ኤይዴም በአብዮቱ ዘመን በቤተ ክርስቲያኒቱ ላይ ስለደረሰው ስደት ባጠናው መጽሐፉ በወለጋ የሆነውን በስፋት ዘግቧል። በዚያን ዘመን በወለጋ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተዋል። ስለዚህ በነቀምቴ፣ በቦጂና በሌሎች የወለጋ ከተሞች በየቤቱ የተቀመጠ አሮጌ ፎቶግራፍ ወይም ደብዳቤ ከአንድ ቤተሰብ ትዝታ ያለፈ የታሪክ ዋጋ ይኖረዋል።

ከሌሎች አገሮች ጋር ሲነጻጸር

በሌሎች አገሮች የታወቁ ግድያዎች ቅርሶች በአብዛኛው ከግድያው ቅጽበት የቀሩ ዕቃዎች ናቸው። አብርሃም ሊንከን የተገደሉበት ሽጉጥ በዋሽንግተን ፎርድ ቲያትር፣ በኪሳቸው የነበሩት ዕቃዎች ደግሞ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በ1914 እ.ኤ.አ. በሳራዬቮ የተገደለው የኦስትሪያ አልጋ ወራሽ ፍራንዝ ፈርዲናንድ ይጓዝበት የነበረው መኪናና በደም የተነከረው ልብሱ በቪየና የጦር ታሪክ ሙዚየም ለሕዝብ ይታያሉ። እንዲህ ያሉ ዕቃዎች በግል ሰብሳቢዎች ዘንድ በጨረታ ይሸጣሉም።

እነዚያ ግድያዎች በሕዝብ ፊት ስለተፈጸሙ መፈጸማቸው አላጠራጠረም፤ ዕቃዎቹ የተያዙት ለመታሰቢያ ነው። የቄስ ጉዲና ግድያ ግን በስውር የተፈጸመ በመሆኑ መጀመሪያ የተፈለገው መቃብራቸው ነበር። በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምም በዚሁ መንገድ የሟቾችን አጽም፣ ልብስና ፎቶግራፍ ለሕዝብ ያሳያል።

የመታሰቢያው ትርጉም

ቄስ ጉዲናን አንዳንዶች በዋናነት የእምነት ሰማዕት፣ ሌሎች ደግሞ የኦሮሞ ሕዝብ ታሪክ አካል አድርገው ያስታውሷቸዋል። የተሰበሰቡት ጽሑፎች ሁለቱም ወገኖች የሚመለሱባቸው የጋራ ምንጭ ናቸው።