በመያዣ የተቀመጠ ዲግሪ

ባለፈው የመስከረም መጨረሻ፣ ዝናቡ ገና ሳያባራ፣ አንድ አባት ከልጃቸው ጋር ወደ መስኮቴ መጡ። ጋቢ ደርበዋል፤ ጫማቸው የቡርቃ ጃቶን ቀይ ጭቃ ተሸክሟል። ልጁ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ይዟል።

«ልጄ፣ ባንካችሁ ለትምህርት ያበድራል ወይ?» አሉኝ።

«ዋስትና ካለዎት ሊታይ ይችላል፣ አባቴ። የቤት ካርታ አለዎት?»

«ባሕር ዛፍ አለኝ። እሱ ሲወለድ የተከልኩት ነው።»

ባሕር ዛፍ መያዣ እንደማይሆን በትሕትና ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲያው ሲመረቅ ዲግሪውን ያዙት፤ ዕዳውን ሲጨርስ ትመልሱለታላችሁ» አሉ።

ወረፋ የያዙት ሳቁ። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። እኚህ አባት በቅን ልቡናቸው ያፈለቁት ሐሳብ በአገራችን አዲስ አይደለም። ዲግሪን በመያዣነት ማስቀመጥ ታሪክ ያለው ነገር ነው፤ እርሳቸው ሰምተውት አያውቁም እንጂ። ያን ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ ይህን ማሰብ ጀመርኩ፦ በዚህ አገር የተማረ ሰው ሁሉ ለትምህርቱ የከፈለው በምንድን ነው?

ከነቀምቴ ከተነሣን መጀመሪያ የሚመጣው ኦነሲሞስ ነሲብ ነው። በሕፃንነቱ ከእናቱ ተነጥቆ ከእጅ ወደ እጅ የተሸጠ ልጅ ነበር። በ1862 ዓ.ም. ገደማ ምጽዋ ላይ ቨርነር ሙንዚንገር ነፃ አወጣውና ለስዊድን ሚሲዮን ሰጠው። እዚያ ተማረ፤ ወደ ስዊድን ተልኮም አምስት ዓመት ተማረ። የትምህርት ቤት ክፍያ አልተጠየቀም። ዕዳ ግን አልነበረበትም ለማለት አልደፍርም። ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መልሶ በ1891 ዓ.ም. አሳተመ፤ በ1896 ዓ.ም. ነቀምቴ ገብቶ ማስተማር ጀመረ፤ በ1923 ዓ.ም. እዚሁ አረፈ። የከፈለው በዕድሜው ነው። ይህን ያህል ዕዳ የሚያስፈርም ባንክ አላውቅም።

የዩኒቨርሲቲው ዘመን የመጣው በኋላ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ተከፈተ፤ የምሕንድስና ኮሌጁ ደግሞ በ1945 ዓ.ም. ትምህርት ጀመረ። ከየጠቅላይ ግዛቱ ተመርጦ የመጣው ወጣት በነፃ ይማራል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ንጉሠ ነገሥቱ ተማሪዎቹን እንደ ልጆቻቸው ያዩ ነበር ይባላል። አባት ደግሞ ከልጁ ገንዘብ አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው ምስጋና ነው። ተማሪው የተጠየቀው ክፍያ ይኸው ነበር፤ መክፈል ያቆመውም በግጥም ነው።

የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ የሆነ አንባቢ የኮሌጁን ቀን የግጥም ውድድሮች ያስታውሳል። በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የሚለውን ግጥሙን አቀረበ። ርእሱን ብቻ ልብ ይሏል! በመንግሥት ወጪ በልቶ የሚያድር፣ ንጹሕ አልጋ ላይ የሚተኛ ተማሪ፣ አፉን ለደሃው አዋሰ። እንደ እኔ አስተሳሰብ የኢትዮጵያ ተማሪ ዕዳ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ የተጠራው በዚያ መድረክ ነው። አበዳሪው ቤተ መንግሥቱ አይደለም፤ ግብር የሚገብረው ደሃ ነው። ቤተ መንግሥቱ በበኩሉ የግጥሞቹን መክረር አልወደደውም። በ1950ዎቹ አጋማሽ አዳሪነቱ ቀረ፤ ተማሪውም ከግቢው ወጥቶ በከተማው ደሃ መካከል ቤት ተከራየ። ስለ ደሃው በግጥም ይናገር የነበረ ሰው የደሃው ጎረቤት ሆነ። ቅጣት ተብሎ የተሰጠ ትምህርት ነበር።

ከዚያ መያዣው መጣ። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀመረ። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወርዶ ያገለግላል፤ አብዛኛው የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሆነ። ያን ዓመት ያልፈጸመ ዲግሪ አያገኝም። እኚያ አባት መስኮቴ ላይ ያቀረቡት ውል ይህ ነው፤ ልዩነቱ ዕዳው በብር ሳይሆን በጠመኔ መከፈሉ ብቻ ነው። በእኔ ሚዛን ከሁሉም ዘመን ፍትሐዊው ክፍያ ይህ ነበር። የሀብታም ልጅም የደሃ ልጅም ያለው አንድ ዓመት እኩል ነውና።

የደርግን ዘመን በአጭሩ ልለፈው። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። ከዚያ በኋላም ትምህርቱ ነፃ፣ ምደባው የመንግሥት ነበር። የተመረቀ ሰው የተባለበት ቦታ ሄዶ ይሠራል። ብዙዎች ከዚህ የከበደ ዋጋ ከፍለዋል፤ እርሱ ግን በሒሳብ መዝገብ የሚጻፍ አይደለም።

ሒሳቡ በብር የተጻፈው በ1995 ዓ.ም. ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351/1995 ወጣ፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የወጪ መጋራት ደንብ ቁጥር 91ም ተከተለ። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ የማስተማሪያውን ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 ከመቶ ይጋራል። የሚከፍለው ግን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ፣ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 ከመቶ እየተቆረጠ ነው። መምህር የሚሆን በአገልግሎቱ ሊያካክስ ይችላል። ሐሳቡ አውስትራሊያ በ1981 ዓ.ም. ከጀመረችው አሠራር የተቀዳ ነው። ምክንያቱ ሲነገር የሚሰማው፣ የጥቂቶች ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ደርሶ በማያውቅ ገበሬ ግብር መሸፈን የለበትም የሚል ነው። ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። የ1953ቱ ደሃ ዳግመኛ ተናገረ ማለት ነው፤ ያኔ በግጥም፣ አሁን በአንቀጽና በንዑስ አንቀጽ። ደሃው በሁለተኛው ንግግሩ ይደሰት አይደሰት እንጃ፤ ውሉን የሚፈርመው የእርሱም ልጅ ነውና።

እኔም ፈርሜአለሁ። በየዓመቱ መጀመሪያ በሰልፍ ቆመን «ኮስት ሼሪንግ» እንሞላ ነበር። አንዱ ካፌ፣ አንዱ «ነን ካፌ»። ለዓመታት ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የተመደበው 15 ብር ነበር፤ ያቺ 15 ብር ሽሮ ሆና ወደ ሆዳችን፣ ቁጥር ሆና ወደ ዕዳችን ትገባለች። ውሉን ማንም አያነበውም። ስንመረቅ የሚሰጠን ጊዜያዊው ወረቀት፣ «ቴምፖ» የምንለው ነው። ዋናው ዲግሪ ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅ መዝገብ ቤት ይቀመጣል። ጋዋን ለብሰን ፎቶ የተነሣነው የእኛ ባልሆነ ወረቀት ስም ነበር።

ይሁንና የባንክ ሰው ነኝና የዚህን ዕዳ መልክ በደንብ ላየው ይገባል። ሥራ ያላገኘ ሰው ገቢ የለውምና የሚቆረጥበት የለም። የኑሮ ውድነቱ ሲንር፣ ከዓመታት በፊት የተጻፈው ቁጥር እያነሰ ይሄዳል። አሜሪካን እንይ፤ የተማሪ ዕዳው ተደምሮ ከ1.6 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ደርሷል፤ ወለዱም ይወልዳል። ከዚያ ጋር ሲነጻጸር የእኛው ውል የዋህ ነው። ክፋቱ መያዣው ላይ ነው። ሥራ ያጣው ልጅ ሥራ ለመፈለግ፣ ወይም ውጭ አገር ለመማር፣ ዋናውን ዲግሪ ይፈልጋል፤ ዲግሪው ደግሞ ሥራ አግኝቶ እስኪከፍል ይጠብቀዋል። በሬውን ይዞ እረስ ማለት ይህ ነው።

ምሕንድስና ሲሆን ነገሩ ይረዝማል። በ2001 ዓ.ም. ከገቢ ተማሪዎች 70 ከመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 ከመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ ተባለ። በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኛው ወለጋ ዩኒቨርሲቲም በዚህ ማዕበል ውስጥ አደገ። እኔ በሦስት ዓመት ሦስት ውል ስፈርም፣ የምሕንድስናው ጓደኛዬ በአምስት ዓመት አምስት ፈረመ።

የመስኮቴ ባለጉዳይ ልጅ ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት አምጥቷል። ነገር ግን የት እንደሚመደብ፣ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላም ምሕንድስና ይድረሰው አይድረሰው አያውቅም። አዲስ አበባ ያለ አንድ የግል ኮሌጅ ግን ከወዲሁ የሚፈልገውን ክፍል ሰጥቶታል፤ በላስቲክ የጠቀለለው ወረቀት የክፍያው ዝርዝር ነበር። ዝርዝሩን ገልጬ አየሁት። የወጪ መጋራት ውል የግል ኮሌጅ ደጃፍ ላይ ያበቃል፤ እዚያ የሚሠራው በየመንፈቁ የሚቆጠር ጥሬ ገንዘብ ነው።

ወረፋው እስኪቀል ጠብቄ ለሁለቱም አስረዳኋቸው። በመንግሥቱ ውል ልጁ ቢወድቅ ወይም ሥራ ቢያጣ የሚጠብቀው መንግሥት ነው። በግሉ ኮሌጅ ግን ባሕር ዛፉ ልጁ ከመፈተኑ በፊት ይቆረጣል፤ በሦስተኛው ዓመት ገንዘቡ ቢያልቅ ዛፍም ዲግሪም የለም። «እኔ ብሆን ምደባውን እጠብቅ ነበር» አልኩ።

ልጁ አንገቱን ደፋ። «ጋሼ፣ እርስዎ የፈለጉትን ነው ያጠኑት?» አለኝ።

አልነበረም። ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ነበር ምኞቴ፤ የተመደብኩት አካውንቲንግ ነው። ይህን ግን አልነገርኩትም፤ ማኅተሙን አንሥቼ የማያስፈልግ ወረቀት ላይ መታሁ።

አባትየው ሁለታችንንም አዩንና፣ «ግማሹን ዛፍ አሁን እንሸጣለን፤ ግማሹ ምደባው እስኪታወቅ ይቁም» አሉ። ከዚያም የቁጠባ ደብተር እንዲከፈትላቸው ጠየቁ። ቅጹን ልጁ ሞላ። በአባትየው ፊርማ ቦታ ላይ የቀለም ሰሌዳውን አቀረብኩላቸው፤ አውራ ጣታቸውን ነክረው አኖሩ። ልጁ ከጎኑ የአባቱን ስም በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ ጻፈ።