ማረሻውን ወደን፣ ሠሪውን ጠልተን

ልጅ ሆኜ መንዝ ውስጥ ከአያቴ ጋር ቀጥቃጭ ቤት የሄድኩበትን ቀን አልረሳውም። ማረሻው ዶልዱሞ ነበር፤ የእርሻ ወቅት ደግሞ ደርሷል። ቀጥቃጩ ወናፉን እየነፋ፣ በጉጠት የያዘውን ብረት እያገላበጠ ይቀጠቅጣል። አያቴ፣ ያ ቁጡ ሽማግሌ፣ እዚያ ቤት ሲገባ ድምፁ ማር ሆነ። «አደራህን ወንድሜ፣ ጥሩ አድርገህ አውጣልኝ» ይላል። ቀጥቃጩም «እሺ አባ፣ እንዲያው ያሳስቦት?» ይላል።

ስንመለስ አያቴ ክንዴን ያዝ አደረገና፣ «ምንም ነገር ሰጥቶህ አልቀመስክም አይደል?» አለኝ። አልቀመስኩም። «ዓይኑንስ አላየኸውም?» አይቼዋለሁ፤ ግን ፈርቼ አላየሁትም አልኩ። አያቴ ማረሻውን በትከሻው እንደተሸከመ አማተበ።

ያን ዓመት የበላነው እህል በዚያ ማረሻ የታረሰ ነው። እንጀራው የተጋገረው የቀጥቃጩ ሚስት በሠራችው ምጣድ ላይ ነው። ከእጃቸው ውሃ ለመቅመስ የፈራን ሰዎች፣ ዓመቱን ሙሉ ከእጃቸው ስንበላ ከረምን ማለት ነው!

ቋንቋችን ራሱ ይመሰክርብናል። «ጠይብ» ማለት እኮ «ጠቢብ» ማለት ነው። ለአዋቂ የሚሰጠውን ስም ወስደን ስድብ አደረግነው። በቀሚሱና በነጠላው ጫፍ ላይ የሚወጣውን ጌጥ «ጥበብ» እንለዋለን፤ ጥበቡን የሸመነውን ሰውዬ ግን ልጃችንን አንድርለትም። የመንዝን ብርድ ያለ ባና የሚችለው ማን ነው? የበጉን ጸጉር ፈትሎና ሸምኖ ባና ማድረግን ያሰበ ሰው በዘመኑ የፈጠራ ባለሙያ ነበር። ስሙን የሚያውቅ ግን የለም። የዘመተውን እንጂ የሸመነውን የመመዝገብ ልማድ የለንማ።

ይህ ነገር የአያቴ ብቻ አይደለም፤ ታሪክ አለው። ከመንዝ የተነሣው የነጋሲ ዘር ኋላ አንኮበርን መቀመጫው አደረገ። እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 የነገሡት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ለአዲስ ነገር ጉጉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1840 አካባቢ ቦምቤይ ለነበሩት እንግሊዞች በላኩት ደብዳቤ፣ ጥበብ ገና ወደ አገራቸው አለመድረሱን ገልጸው፣ ጠመንጃና መድፍ፣ ሌላም በአገራቸው የሌለ ነገር እንዲላክላቸው ጠየቁ። የሚገርመው፣ በዚያው ዘመን አንኮበር አካባቢ ብረት የሚቀጠቅጡ፣ ሸክላ የሚሠሩ «ጠቢባን» የሚባሉ ሰዎች ይኖሩ ነበር። ንጉሡ በሙያቸው ይጠቀማሉ፤ ሕዝቡ ግን ቡዳ ናቸው እያለ ይሸሻቸዋል። ጥበብ በባሕር ማዶ ስትፈለግ፣ ጠቢቡ ከጓሮ ተደብቆ ይኖር ነበር።

በንጉሡ ዘመን አንድ የውጭ አገር ባለሙያ አንኮበር አካባቢ የውሃ ወፍጮ ሠርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1839 ጀምሮ ወደዚያ የመጡ ተጓዦች እንደጻፉት፣ ወፍጮው እየሠራ ሳለ «የሰይጣን ሥራ ነው» ተባለና ቆመ። ሰው ሳይነካው ድንጋይ በራሱ ሲዞር ማየት ያስደነግጣል፣ እውነት ነው። ግን እስቲ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ያ ወፍጮ ይቁም አይቁም ሲባል፣ ሌሊት ተነሥታ በድንጋይ ላይ ጎንበስ ብላ እህል የምትፈጨውን ሴት የጠየቃት አለ? ወፍጮው ሲቆም የቆመው የሰይጣን ሥራ አይደለም፤ የእሷ እረፍት ነው። ከዚያ በኋላ እናቶቻችን በሞተር ወፍጮ እስኪገላገሉ ድረስ ከመቶ ዓመት በላይ በእጃቸው ፈጩ።

የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ምኒልክ ይህን በሽታ ያወቁት ይመስለኛል። ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ሲደርስ፣ መጀመሪያ ያዘዙት ጫማ እንዲሠራላቸው ነው ይባላል። ቆዳ መስፋት የፋቂ ሥራ ተብሎ በሚናቅበት አገር፣ ንጉሡ ከፈረንጅ መሐንዲስ የጠየቁት ጫማ! በ1900 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ አወጡ፦ ብረት የሚሠራውን፣ የሚሸምነውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን በሙያው ምክንያት መስደብ ይቅር፤ ሠራተኛን የሰደበ ንጉሡን እንደሰደበ ይቆጠራል፤ ይቀጣልም።

አዋጅ ግን ስድብን ከአደባባይ ያባርራል እንጂ ከማጀት አያስወጣም። የኔ አያት ከአዋጁ ብዙ ዓመት በኋላም እያማተበ ነበር።

አንዳንዱ ሰው «ታዲያ ስድብ ምን ጎዳ? ቀጥቃጩ እንደሆነ ሥራውን አላቆመም» ይል ይሆናል። ጎዳ እንጂ! የሚናቅ ሙያ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል እንጂ ከውጭ አዲስ ተማሪ አይመጣለትም። ቀጥቃጩ በብዙ ቦታ ርስት አልነበረውም፤ ርስት የሌለው ደግሞ ለተሻለ መሣሪያ የሚያወጣው ጥሪት ከየት ያመጣል? ከሌላው የተለየ ነገር ቢሠራ ጥርጣሬው ይብስበታል፤ «ይሄማ የሰው ሥራ አይደለም» ይባላል። ስለዚህ የሚሻለው የአባቱን ማረሻ መልሶ መሥራት ነው። ማረሻችን ለምን አልተለወጠም ብለን ስንጠይቅ፣ ቀጥቃጩን ሳይሆን ራሳችንን ብንጠይቅ ጥሩ ነው።

ዛሬ «ስታርት አፕ»፣ «ኢንኖቬሽን»፣ «ኢንኩቤሽን» እያልን ነው። ደስ ይላል። ኬንያ በ1999 ዓ.ም. ኤም ፔሳን ስትጀምር፣ ሰዉ ቀድሞውኑ የሞባይል የአየር ሰዓት እንደ ገንዘብ ይላላክ ነበር። ትልቁ ቴክኖሎጂ ተራው ሰው በራሱ የጀመረውን ሳይንቅ አይቶ ነው ያደገው። እኛም በ2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ጀምረናል። ገንዘብ በስልክ መላክ ለመድን፤ ስልኩን በሳንቲም ብየዳ ከሞት የሚያስነሣውን ልጅ ግን «ትምህርት አልገባው ብሎ ነው» እንላለን። ቡዳ ማለቱ ቀርቶ «ወዳቂ» ሆነ እንጂ፣ ስድቡ ያው ነው።

ፈጠራ ከአዳራሽና ከሽልማት በፊት የሚያስፈልገው አንድ ነገር አለ። እጁ የጠቆረ ሰው ቤታችን መጥቶ ከእኛ ጋር መብላት መቻሉ ነው።

ያ ቀጥቃጭ ያን ቀን አንድ እፍኝ ቆሎ ዘርግቶልኝ ነበር። አልተቀበልኩትም። እጁን ቀስ ብሎ ሰበሰበና ወደ ብረቱ ተመለሰ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ቆሎ ነው።