አይሪዳ

አይሪዳ በዘር የሚተላለፍ፣ እምብዛም የማያጋጥም የደም ማነስ ዓይነት ነው። ብዙውን ጊዜ በልጅነት የሚታወቅ ሲሆን በአፍ በሚወሰድ የብረት መድኃኒት አይሻልም፤ ቢሻልም በጥቂቱ ነው።

መንስኤ

በሽታው የሚመጣው በ22ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለው ቲኤምፒአርኤስኤስ6 የተባለው ጂን ሲበላሽ ነው። ይህም እ.ኤ.አ. በ2008 ታወቀ። ጂኑ ጤነኛ ሲሆን ጉበት ሄፕሲዲን የተባለውን ሆርሞን ከመጠን በላይ እንዳያመነጭ ይገታል። ሄፕሲዲን ሲበዛ ብረት ከአንጀትና ከማከማቻ ሕዋሳት ወደ ደም የሚወጣበት መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ ልጁ ብረት ያለው ምግብ ቢመገብም መቅኔው ቀይ የደም ሕዋስ ለመሥራት የሚበቃ ብረት አያገኝም።

አወራረስ

ልጁ የተበላሸውን ጂን ከእናቱም ከአባቱም ሲወርስ ይታመማል። ሁለቱም ወላጆች ተሸካሚ ከሆኑ በእያንዳንዱ እርግዝና ዕድሉ 25 በመቶ ነው።

ምርመራ

ቀይ የደም ሕዋሳቱ ትንንሽ ናቸው፤ በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ብረትም ዝቅተኛ ነው። የብረት ክምችትን የሚያሳየው ፌሪቲን ግን ከተለመደው የብረት እጥረት በተለየ ብዙውን ጊዜ አይቀንስም። መድኃኒቱ በትክክል እየተወሰደ ለውጥ ከሌለ፣ በቅድሚያ እንደ ደም መፍሰስና የአንጀት ትላትል ያሉ የተለመዱ ምክንያቶች ይፈተሻሉ። ማረጋገጫው የጂን ምርመራ ነው።

ሕክምና

ብረት በደም ሥር ሲሰጥ የደም መጠኑ ከፍ ይላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ሙሉ በሙሉ አይስተካከልም።