የባለቅኔዎች ማደሪያና የተዘጉ በሮቹ

ደራሲ የሚጽፈው ብቻውን ነው፤ የሚያድገው ግን ብቻውን አይደለም። ስንኙን የሚያዳምጥለት፣ ግድፈቱን የሚያርምለት፣ ሐሳቡን የሚሞግተው ባልንጀራ ያሻዋል። በሞስኮ ከተማ በዶብሮሉቦቭ ጎዳና የሚገኘው ባለ ሰባት ፎቅ የማክሲም ጎርኪ ሥነ ጽሑፍ ተቋም የተማሪዎች ማደሪያ ታሪክ፣ የዚህን ባልንጀርነት በረከትም ፈተናም አጣምሮ ያሳያል።

ተቋሙ በጎርኪ አነሳሽነት የተመሠረተው በ1933 ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መጀመሪያ ሠራተኞች ከሥራ መልስ የሚማሩበት የማታ ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ ጎርኪ በሞተበት በ1936 በስሙ ተሰየመ። ትምህርት የሚሰጠው አሌክሳንደር ሄርዘን በ1812 በተወለደበት ቤት ሲሆን፣ ተማሪው ቀን እዚያ ይውልና ማታ ወደ ማደሪያው ይመለሳል።

በዚያ ጣሪያ ሥር ከልዩ ልዩ የሶቪየት ሪፐብሊኮችና ከባሕር ማዶ የመጡ ወጣቶች አብረው ኖረዋል። አብዛኛው የሚያስበው በእናት ቋንቋው፣ የሚነጋገረው በሩሲያኛ ነበር። ኒኮላይ ሩብትሶቭን ለአብነት ማንሣት ይቻላል። በሕፃናት ማሳደጊያ ያደገው፣ በዓሣ አስጋሪ መርከብ በእሳት አንዳጅነት፣ በፋብሪካም በወዛደርነት የሠራው ይህ ባለቅኔ ወደ ተቋሙ የገባው በ1962 ነው። አንድ ምሽት በኮሪደሩ የተሰቀሉትን የታላላቅ ባለቅኔዎች ሥዕሎች አውርዶ በክፍሉ ደረደራቸውና ከእነርሱ ጋር ጽዋ አነሣ እየተባለ ይተረካል። ቤት ያልነበረው ሰው ፑሽኪንን ጎረቤቱ ያደረገው እዚያ ነው።

ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ግን ያው ጎረቤትነት ክፉ ፈተና ደርሶበት ነበር። በኦክቶበር 1958 ቦሪስ ፓስተርናክ የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ዶክተር ዢቫጎ የተባለው ልብ ወለዱ ከአገር ውጭ በመታተሙ የተቆጡት ባለ ሥልጣኖች ከደራስያን ማኅበር አስወጡት፤ እርሱም ሽልማቱን ለመተው ተገደደ። የተቋሙ ተማሪዎችም ደራሲውን የሚያወግዝ ደብዳቤ እንዲፈርሙና በሰልፍ እንዲወጡ ታዘዙ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል፤ ያን ጊዜ ግን ድሩ የተፈለገው አንድ የ68 ዓመት ባለቅኔ ለማሰር ነበር።

ፊርማ ሰብሳቢዎች በማደሪያው ክፍሎች እየዞሩ በር አንኳኩ። አንዳንዱ ተማሪ መጸዳጃ ቤት፣ ሌላው ማእድ ቤት ገብቶ ተደበቀ፤ በሩን ሳይከፍት የቀረም ነበር። በመጨረሻ ከ300 ያህል ተማሪዎች የፈረሙት 110 ያህሉ ብቻ ሆኑ። ውግዘቱን አልተባበርም ያለችው ወጣቷ ባለቅኔ ቤላ አኽማዱሊና በ1959 ከተቋሙ ተባረረች፤ በኋላ ተመልሳ በ1960 ተመረቀች።

ያን ሁሉ በቅርብ ከተመለከቱት አንዱ የአልባኒያው ተወላጅ እስማኤል ካዳሬ ነበር። የሁለቱ አገሮች ወዳጅነት በ1960 ሲሻክር ትምህርቱን ትቶ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ትዝታውንም በ1978 በታተመ ልብ ወለድ አሰፈረው። የመጽሐፉ ተራኪ በዚያ ማደሪያ የሚኖር ተማሪ ሲሆን፣ የታገደውን የፓስተርናክን ድርሰት ገጾች የሚያገኘውም እዚያው ነው። የተወገዘው ዶክተር ዢቫጎ ደግሞ በ1988 በሞስኮ ኖቪ ሚር መጽሔት ላይ ታትሞ ለአገሩ አንባቢ በቃ።

ለኪነ ጥበብ ሰዎች ቤት መሥራት መልካም ተግባር ነው። አልጋ፣ መብራትና ጠረጴዛ ያገኘ ችሎታ ከጎዳና ይድናል። ነገር ግን ቤት የሰጠ ሁሉ ድምፅም የተከራየ ሊመስለው ይችላል። የዚያ ማደሪያ ክብር የተጠበቀው በሰልፉ መፈክር አልነበረም፤ ሲንኳኳ ባልተከፈቱት በሮች ነበር። ደራስያንን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያሰባስብ ሁሉ ለእያንዳንዱ ክፍል ከውስጥ የሚቆለፍ በር ማበጀቱን አይርሳ።